ማሽኑ የመታውን ሰው ሲመታው

ለንደን ውስጥ ወዳጄ ጎትቶ በወሰደኝ መጠጥ ቤት አራት ሰዎች የፈረንጆቹን 1980ዎቹ የሲንተሳይዘር ዘፈኖች ይጫወታሉ። የራሳችን የሚሉት ዘፈን የላቸውም፤ ሂውማን ሊግ፣ ዴፔሽ ሞድ፣ ኒው ኦርደር... ሁሉም የሰው ነው። ዓይኔን የያዘው ከበሮ መቺው ነው። «ብሉ መንደይ» በ1983 ሲወጣ ከበሮውን የመታው ማሽን ነበር። ይሄ ሰውዬ ያንን የሚንደቀደቅ መግቢያ በቀኝ እግሩ ልድገመው ብሎ ላቡ ጠብ ይላል።

በ1982 የብሪታንያ ሙዚቀኞች ማኅበር የማዕከላዊ ለንደን ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን እንዲታገድ ወስኖ ነበር። እንጀራችንን ሊቀሙን ነው ብለው ነዋ! ዛሬ ይህን ሰምቶ የሚስቅ ብዙ ነው። እኔን ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እኛስ አገር ኪቦርድ ገብቶ አይደል ስንቱ ትራምፔትና ሳክስፎን ነፊ ከመድረክ የወረደው? ለእነሱ የተሰበሰበ ማኅበር እንኳ ትዝ አይለኝም።

ታዲያ የዚያን ምሽት የከበሮ መቺው ራት የተገኘው እንጀራ ቀማኛ ከተባለው ማሽን ዘፈን ነው። ወዳጄ «ከካሴቱ ጋር ቁርጥ እኮ ነው!» እያለ ያደንቃል። አልነበረም። ሕዝቡ ተነስቶ መጨፈር ሲጀምር ሰውዬው ምቱን ትንሽ አፈጠነው፤ ኪቦርዶቹም ተከተሉት። ወዳጄ ይህን ልብ አላለም፤ እየጨፈረ ነበር።