የጫጫ ገብስና የመንገደኛ ማዕድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን ጎዳና ይዞ ሸኖን ያለፈ መንገደኛ፣ ደብረ ብርሃን ለመግባት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ጫጫን ያገኛል። አገሩ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ስለ ሆነ ነፋሱ ጋቢ ያስደርባል። መንገደኛው ከመኪና ወርዶ ከአስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት ቢገባ ግን የሚቀርብለት አዲስ አበባ ትቶት የመጣው ጥብስ፣ ሽሮና ፓስታ ነው። እንጀራውም ቢሆን የአገሩ አይደለም። ጤፍ ውርጭ አይችልምና እንደ ምንጃር ካለው ሞቅ ያለ አገር ይመጣል። የጫጫ መሬት በደስታ የሚያበቅለው ገብስና ባቄላ ነው፤ እንግዲህ የአገሩን ምግብ የሚሻ ሰው እነዚህን ይከተል።

ገብሱ ተቆልቶ ቆሎ፣ ተፈጭቶ በሶ፣ በሶውም በንጥር ቅቤ ሲታሽ ጩኮ ይሆናል፤ ገንፎውና ጠላውም ከዚሁ ነው። በሶ ከሁሉ ይልቅ የመንገደኛ ወዳጅ ነው፤ እሳት ሳይጠይቅ በውኃና በጨው ብቻ ይበላል። የቀድሞ ዘማች በስልቻ ቋጥሮት ይሄድ ነበር። የቤተ ክህነት ተማሪም «የቆሎ ተማሪ» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ያን ስም የተሸከምን ሁሉ ጣዕሙን አንረሳውም።

በጾም ቀን ጫጫ የደረሰ ሰው በእኔ አስተያየት ዕድለኛ ነው፤ ስልጆ ያገኛልና። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተበጥብጦ ይንተከተካል፤ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ ይገባበታል፤ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይጨመርበትና ተከድኖ ጥቂት ቀን ሲሰነብት ይኮመጥጣል። አፍንጫን ሰንፈጥ አድርጎ የሚያልፍ ጣዕም ነው።

አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም በዚያ ሳልፍ፣ ምግብ ቤት የያዙ አንዲት እናት የገብስ እንጀራ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። «ኧረ እሱስ የኛው የቤት ነው፤ ለእንግዳ እንዴት ይቀርባል ልጄ?» ብለው አፈሩ። ብለምናቸው ጊዜ ለልጆቻቸው ከጋገሩት ከጓዳ አወጡልኝ፤ ስልጆውንም በጎኑ አደረጉበት። ከዚያ ቀን ወዲህ በአስፋልቱ ዳር ሌላ ምግብ አልጠየቅሁም።

የሚያሳስበው ይህ ሐፍረት ነው። የገብስ እንጀራ የድኻ ተብሎ ከእንግዳ ፊት ሲሸሸግ፣ ነገ ከልጆች ፊትም ይጠፋል። ደብረ ብርሃን ላይ የቢራ ፋብሪካ ከቆመ ወዲህ ደግሞ የብቅል ገብስ ገዢ አገኘ፤ ገበሬው ቢሸጥ ማንም አይነቅፈውም፤ ዳሩ ግን ለቢራ የሚመረጠው ገብስና ለበሶ የሚመረጠው አንድ አይደለም።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ይዞታውን አልቀበልም ያለችው፣ በአዲስ አበባም አደባባይ የተሰየመላት ሜክሲኮ፣ በቆሎዋን በኖራ ውኃ ቀቅላ ፈጭታ በምጣድ ትጋግራለች፤ ቂጣው ቶርቲያ ይባላል። (በርበሬያችንም ዘሩ ከዚያው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው።) ይህንን የመንደር ምግብ ሜክሲኮዎች አላፈሩበትም፤ በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ ባህላዊ ምግባቸውን በዓለም ቅርስነት መዘገበላቸው።

አንባቢ ሆይ፣ በጫጫ ብታልፍ የተጻፈውን የምግብ ዝርዝር ተወው። ከአስፋልቱ ገባ ብለህ «የቤት የሚበላ አለ ወይ?» ብለህ በትሕትና ጠይቅ። ቀኑ የፍስክ ከሆነ ጩኮ፣ የጾም ከሆነ ስልጆ በል፤ ለቤተ ሰብህም አንድ ኪሎ በሶ ቋጥረህ ተመለስ።