ጸጥ ያለ የመሰለኝ ባሕር

የባሕር በር ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ወደ ኅሊናዬ የሚመጣው አንድ የጥር ሳምንት ነው። ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመግባቢያ ሰነድ ከተፈራረሙ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያልተናገረ ምሁር፣ ያልጻፈ ጋዜጠኛ የለም ለማለት ይቻላል። ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ አንካራ ላይ የጋራ መግለጫ ካወጡ በኋላም ክርክሩ አልበረደም። እኔም የበኩሌን ስከራከር ቆይቻለሁ። ዛሬ የተነሣሁት ግን ለኑዛዜ ነው።

ዘመኑ 2011 ዓ.ም. ነበር። የጥምቀትን በዓል ድሬዳዋ አሳልፌ፣ በማግስቱ ለአንድ አነስተኛ ዐውደ ጥናት ወደ ጅቡቲ ወረድሁ። ስለ ወደብና ስለ ንግድ መስመር ለተማሪዎቼ ለዓመታት ሳስተምር ቆይቼ፣ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው ብል ታምኑኛላችሁን?

ጅቡቲን በሐምሌ የሚያውቋት የከባድ መኪና ሾፌሮች ስለ እርሷ ሲያወሩ ስለ እሳት የሚያወሩ ይመስላሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ኸምሲን የሚባለውም ነፋስ ከምዕራብ አሸዋ አዝሎ ይመጣል። እኔ የደረስሁባት ጅቡቲ ግን ሌላ ከተማ ነበረች። ቀትር ላይ 28 ወይም 29 ዲግሪ፣ ሌሊት ደግሞ ያለ አንሶላ የማያስተኛ ቅዝቃዜ። ማለዳ ከባሕሩ ለስላሳ ነፋስ ይነሣል። ሲመሽ ሽማግሌዎች ወንበር ደጅ አውጥተው ይጨዋወታሉ፤ ልጆች በዳርቻው ላይ ኳስ ይራገጣሉ። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ መሬቱን እንኳ በወጉ ያላረጠበ ካፊያ ወረደ። ያረፍሁበት ቤት ጠባቂ ግን እጆቹን ዘርግቶ ፈጣሪውን ሲያመሰግን አየሁት።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ለእኛ ለደጋዎቹ ጥር በጋ ነው፤ ክረምታችን በሰኔ ገብቶ በመስከረም ይወጣል። ለዚያ ዳርቻ ሰዎች ግን የምትጠበቀው ጥቂት ዝናብ የምትወርደው በእኛ በጋ ነው። ሶማሌዎች ሐይስ፣ አፋሮች ዳዳ ይሏታል። አርብቶ አደሩም ይህችን ወቅት ተከትሎ ከከፍታው ወደ ባሕሩ ሜዳ ይወርዳል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በርበራ ሰው የሚሞላባት በዚሁ የቀዝቃዛ ወራት ነበር። የሐረር ሲራራ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ወርደው ይገበያዩ ነበር፤ ሙቀቱ ሲመለስ ገበያው ይበተናል፤ ነዋሪውም ጎጆውን አፍርሶ ይሄዳል። አባቶቻችን ባሕሩን በካርታ ባያውቁትም በወራቱ ያውቁት ነበር። እኔ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነበርሁ።

በአምስተኛው ቀን ፒኬ 12 ከሚባለው የከባድ መኪኖች ማቆሚያ አጠገብ በሚገኝ የሐበሻ ምግብ ቤት ለምሳ ተቀምጬ ሳለ፣ ዕድሜው ከ20 የማይበልጥ ወጣት ወደ ገበታዬ ቀረበ። የቆቦ ልጅ ነው። ጫማው በመንገድ አልቋል።

«ጋሼ፣ የተማሩ ነዎት አሉኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ቁጭ በልና ጠይቀኝ።»

«በዚህ ሰሞን ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በኦቦክ በኩል ተሻግሮ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመግባት እንደሚያስብ ግልጽ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ያየሁት ባሕር ትዝ አለኝ፤ እንደ መስተዋት የተዘረጋ ነበር። «እንደማየው ከሆነ ጸጥ ያለ ይመስላል» አልሁት። ወዲያው ደነገጥሁና እንዲመለስ እመክረው ጀመር። በየመን ስላለው ጦርነት ነገርሁት፤ ስለ ደላሎቹ ነገርሁት። በትሕትና ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ አባቴ በሬ ሸጦ ነው የላከኝ። ተመልሼ ምን እለዋለሁ?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ምሳ ጋበዝሁት፤ መርቆኝ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ጥር 21 ቀን፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ከኦቦክ ሰሜን ምሥራቅ ከምትገኘው ከጎዶርያ ዳርቻ የተነሡ ሁለት ጀልባዎች ብዙም ሳይርቁ ተገለበጡ። ከመጠን በላይ ሰው ጭነው ነበር፤ ማዕበሉም በርትቶ ነበር። በተከታዮቹ ቀናት ከ50 በላይ አስከሬኖች ተገኙ። እኔ ወሬውን የሰማሁት አገሬ ገብቼ፣ የፈተና ወረቀት ሳርም ነው። ያ ልጅ ከእነርሱ መካከል ይሁን፣ ተሻግሮ ይሁን፣ ተመልሶ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ስለ ነፋስ ማንበብ ጀመርሁ። የጅቡቲ ከተማ ያለችው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በተከለለ ቦታ ነው። ከተማዋን በጥር የሚያቀዘቅዘው የምሥራቅ ነፋስ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ባብ ኤል መንደብ ላይ የአፍሪካና የዓረብ ምድር ይቀራረባሉ፤ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነፋሱ በዚያ ጠባብ በር ሲያልፍ ጉልበት ያገኛል፤ ባሕሩንም ያናውጠዋል። ለእኔ የምሽት ሽርሽር የሆነልኝ ያው ወቅት ለተሻጋሪዎቹ አደጋ ነበር ማለት ነው። ይህን ማወቅ ይገባኝ ነበር። ዶክተር ተብዬ ስለ ባሕር በር የማስተምር ሰው፣ አንድ ገበሬ ልጅ ስለ ባሕሩ የጠየቀኝን ብቸኛ ጥያቄ በመስኮት አይቼ መለስሁለት።

እንግዲህ ወደ ፖለቲካችን ልመለስ። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ ሁላችንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን እንደግመዋለን። ስለ ወደብ ኪራይ፣ ስለ ቶን፣ ስለ ኮንቴይነር ሌሊቱን ሙሉ ልንከራከር እንችላለን። የባሕር በር የለንም እያልን እናዝናለን። የቆቦው ልጅ ግን የባሕር በር ነበረው፤ ያገኘውም ያለ ስምምነትና ያለ ፊርማ፣ በአባቱ በሬ ዋጋ ነው። መንግሥት ከጎረቤት ጋር በወደብ ጉዳይ ለድርድር ሲቀመጥ፣ በዚያው ዳርቻ በእግራቸው ስለሚያልፉት ልጆች የተጻፈ አንድ አንቀጽ ቢኖር ምን ይጎዳል? የባሕሩን ጠባይ በየገበያው፣ በሚገባቸው ቋንቋ የሚነግራቸው ሰው መላክስ ከአቅማችን በላይ ነውን? ወጣቱን ከቤቱ የሚያስወጣው ችግር በዚህ እንደማይፈታ አላጣሁትም። ቢያንስ ግን እንደ እኔ ካለ መካሪ ያድነዋል።

አሁን አዲስ ተማሪዎች ሲመጡልኝ ትምህርቱን የምጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «በጥር ወር ባብ ኤል መንደብ ላይ ነፋሱ ከወዴት ይነፍሳል?» እርስ በርሳቸው ተያይተው ይስቃሉ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ያጣች አገር ልጆች ናቸውና አልፈርድባቸውም። ጥያቄውን በሰሌዳው ላይ ጽፌ እስኪመልሱልኝ እጠብቃለሁ።