አሥራ ሁለት ስሞች ከሞርሲቶ

እርስዎ ከአያትዎ በላይ የስንት ሰው ስም ያውቃሉ? እኔ እስካለፈው መስከረም ድረስ የማውቀው የአንድ ሰው ብቻ ነበር። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ የደንበኞችን ስም፣ ስልክና የልደት ቀን ሳይቀር መዝግቤ እይዛለሁ። የራሴን ቤተሰብ ግን ጽፌ አላውቅም። የአባቴ ታላቅ ወንድም ሲያርፉ ነው የደነገጥኩት። የዘር ሐረጋችንን አሟልተው የሚቆጥሩ አሁን የቀሩን ታናሽየው ብቻ ናቸው። ስለዚህ የስምንት ዓመት ልጄንና አንድ ደብተር ይዤ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ ለያሆዴ፣ ወደ ሞርሲቶ ሄድኩ።

እርስዎም መሄድ ካሰቡ መንገዱ አይከብድም። ከአዲስ አበባ ተነሥተው በቡታጅራና በወራቤ አድርገው፣ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና ይደርሳሉ። እዚያ አድረው ወደ ጉራጌ ዞን አቅጣጫ ሲያቀኑ የሚሻ ወረዳን ዋና ከተማ ሞርሲቶን ያገኛሉ። በመስከረም አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ቤቱ ሁሉ በእንሰት ተከቧል።

አጎቴን ሁላችንም «አባባ» እንላቸዋለን። አታካናው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ ልጄ ደብተሯን ዘርግታ አጠገባቸው ተቀመጠች። አባባ ከራሳቸው ጀምረው በጣታቸው ወደ ላይ ቆጠሩ፤ አሥራ ሁለት ስም። አንዳንዱ ጋ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፦ «ይሄ ፈረስ ይወድ ነበር። ይሄ ደግሞ ከወንዝ ማዶ መጥቶ እዚህ መጀመሪያ እንሰት የተከለው ነው።» አንድ ትውልድ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው ብለን ብናስብ 360 ዓመት ቆጠሩልን ማለት ነው።

በአሜሪካ የገጠር ካውንቲ ቢሆን የጋብቻ፣ የመሬትና የኑዛዜ መዝገብ ፍርድ ቤት ይገኛል፤ የሕዝብ ቆጠራውም እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ተካሂዷል። እኛ ዘንድ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መዝገብ በአብዛኛው ሽማግሌው ነው። ጀርመናዊው ኡልሪክ ብራውኬምፐር እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመውን ትልቅ የሀዲያ ታሪክ ሲያዘጋጅ፣ ሽማግሌዎች የቆጠሩለት የዘር ሐረግ አንዱ ዋና ምንጩ ነበር።

ልጄ ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «አባባ፣ እናቶቹስ የት አሉ?» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባባ የእናታቸውን ስም ተናገሩ፤ የአያታቸውን ግን አላወቁትም። «የእናት ዘር እዚህ አይገኝም» አሉ። «ከራስ ጎሳ አይጋባም፤ እናቴ ከሌላ ጎሳ ነው የመጣችው። የእሷን የሚቆጥሩት የእሷ ወገኖች ናቸው።»

ከሀዲያ ወጥታ ስሟ በነገሥታት ታሪክ የተጻፈላት ሴት አለች፤ የሀዲያው ገራድ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ንግሥት እሌኒ። ቤተ መንግሥት ያልገቡት እናቶች ስም ግን በሌላ ጎሳ ሽማግሌ አፍ ላይ ነው ያለው። ሽማግሌው ካለፈ አብሮት ይቀበራል። ከአካባቢው ወጣቶች ብዙዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ ተቀምጦ የሚሰማ እየጠፋ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው በዓል አገር ቤት ሲሄዱ ከስጦታው ጋር ደብተር ይያዙ። በስልክዎም ድምፅ ይቅረጹ፤ ስም አጠራር በጽሑፍ ይበላሻል። ከአባት ስም ጎን የእናትን ስምና ጎሳ ይጠይቁ። ጠያቂው ልጅዎ ቢሆን ይመረጣል፤ እኛ የምናፍረውን ልጆች ይጠይቃሉ።

ስንሰናበት አባባ ልጄን መልሰው ጠሩና የእናታቸውን ስም በትክክል መጻፏን አዩ። ከዚያ የእናታቸው ወገኖች የሚኖሩበትን መንደር ነገሯት። ለሚመጣው ያሆዴ የምንሄደው እዚያ ነው። አንዲት አሮጊት አሉ ብለውናል።