የአባታችን ቮልስዋገን

በራያ ቆላ የሚኖር ገበሬ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ለማስገባት በየዓመቱ የአፈርና የጭራሮ ክትሩን ያድሳል። አምና ሠርቼዋለሁና ዘንድሮ ልረፍ ቢል ጎርፉ መንገዱን ስቶ ያልፋል፤ ማሽላውም ይደርቃል። ስለዚህ ማደስ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም ከሚታደሰው ሁሉ የትኛው መቅደም እንዳለበት ለይቶ ማወቅ ከማደሱ ሥራ ይልቅ የሚከብድ መሆኑን እኛ የተማርነው በአንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ምክንያት ነው። ታሪኩ የቤታችን ታሪክ ቢሆንም ቤተ ሰብ ለሚያስተዳድር የመንግሥት ሠራተኛና መምህር፣ ነገም ቤት ለሚመሠርት ተማሪ ይጠቅም ይሆናል ብለን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

አባታችን በዋጃና በአካባቢዋ ለብዙ ዘመን ያስተማሩ መምህር ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የተሠራች አንዲት ቮልስዋገን በደሴ ከተማ ከሌላ ሰው እጅ ገዝተው ነበር። በሕፃንነታችን ከኋላ ወንበሯ ተቀምጠን ወደ ቆቦ ገበያ ስንወርድ የዞብል ተራራ በመስኮቷ በኩል አብሮን የሚሄድ ይመስለን እንደ ነበር እስከ ዛሬ አንረሳውም። በ1999 ዓ.ም. ሞተሯ ጭስ አበዛ፤ ጉልበቷም ደከመ። አባታችን ከግቢው ጥግ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር አቆሟትና «የፒስተኑን ዋጋ ሳገኝ አስነሣታለሁ» ይሉ ጀመር። ነገር ግን ሳያስነሷት በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ጎማዎቿ ተሸጡ፤ እርሷም በድንጋይ ላይ ተቀምጣ የዶሮዎች ማደሪያ ሆነች። እኛም አባታችን ንብረታቸውን ችላ ብለው አበላሹት እያልን በልባችን እንወቅሳቸው ነበር።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በራያ ቆላ ላይ ሲመላለስ የሚሠራ ተሽከርካሪ የነበረው ሰው ይዞት ሸሸ፤ ያልሸሸውም ብዙው አጣው። የእኛይቱ ግን ጎማ የሌላት በመሆኗ ማንም ዘወር ብሎ አላያትም። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ከስደት ተመልሰን ግቢያችንን ስናይ በሩ ተነቅሏል፤ የቤቱም ዕቃ ጠፍቷል። ከአባታችን ንብረት በስፍራዋ ቆማ የጠበቀችን እርሷ ብቻ ነበረች። በዚያን ቀን ልናስነሣት ቈረጥን።

ስለዚች አውቶሞቢል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የእርሷ ዓይነት በ1995 ዓ.ም. የመጨረሻዪቱ በሜክሲኮ አገር ተሠርታ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ሞተሯ ከኋላ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመው ይሠራሉ፤ የሚያቀዘቅዛቸውም ውሃ ሳይሆን በቬንቲላተር የሚነፍስ አየር ነው። ራዲያተር የላትምና ውሃ አልቆባት አትፈላም፤ ይህም እንደ ራያ ላለ ሞቃት ቆላ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ቬንቲላተሩንና ዲናሞውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ስለ ሆነ እርሱ በተበጠሰ ጊዜ ነጂው ፈጥኖ ካልቆመ ሞተሩ ይቃጠላል። በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የወጣችው ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. 325 የፈረስ ጉልበት ስለ ነበራት የዚያ አገር ወጣቶች የእርሷን ዓይነቶች «ጡንቸኛ» ብለው ይሽቀዳደሙባቸው ነበር። የእኛይቱ ጉልበት 34 ብቻ ነው። ነገር ግን መምህርን ከነደብተሩ ለማድረስ ይህ አላነሰም።

ከአላማጣ የመጡ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሞተሩን ከማርሹ ጋር የያዙትን አራት ቡሎኖች ፈትተው በክሪክ አወረዱልን። ሲከፈትም ፋሻዎቹ ተበልተው፣ ሲሊንደሮቹም ተፍቀው ተገኙ። ሽማግሌው «አዲስ ፒስተን ከነሲሊንደሩ ካልመጣ ድካሙ ከንቱ ነው» አሉ። ዕቃው የሚገኘው በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ ሱማሌ ተራ ነበር።

አሁን የምናፍርበትን ነገር እንናገራለን። በቤታችን ውስጥ ለጣራ ቆርቆሮ የተቀመጠ ገንዘብ ነበረ። ጣራው በጦርነቱ ጊዜ ተበሳስቷልና ከክረምት በፊት እንዲታደስ ከባለቤታችን ጋር ተስማምተን ነበር። እኛ ግን ክረምቱ እስኪገባ ከደመወዛችን እንተካዋለን በማለት ሳናማክራት ገንዘቡን አንሥተን ፒስተኖቹን ገዛን። ደመወዙ ሌላ ጉዳይ ነበረበትና አልተተካም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ገባ። አንድ ሌሊት ብርቱ ዝናብ ጥሎ ጣራው አፈሰሰ፤ በጎተራው የነበረውም ማሽላ ራሰ። ሁላችንም ተነሥተን በጨለማ ማሽላውን በጆንያ ስናወጣ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችው ሴት ልጃችን ወደ ግቢው ተመለከተችና «አባዬ፣ በመኪናዋ ላይ ያለበስነውን ሸራ አውርደን ለምን ለማሽላው አናለብሰውም?» አለችን። አውቶሞቢሏ በደህና ሸራ ተሸፍና ደርቃ ነበር። ባለቤታችን አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋ ከወቀሳ ይልቅ ከበደን።

በማግሥቱ ሁሉን ነገር ገልጠን ይቅርታ ጠየቅን። ባለቤታችንም ሦስት ነገር ደነገገች፤ ይኸውም ጣራው እስኪያልቅ ድረስ አውቶሞቢሏ እንዳትነካ፣ ከዚያም በኋላ ሥራው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንዲሆን፣ ወጪውም ሁሉ በደብተር እንዲጻፍ ነው። ደብተር ስትፈልግ እናታችን በስደት ጊዜ ከፎቶግራፎቹ ጋር ይዘውት የሸሹትን የአባታችንን አሮጌ የሒሳብ ደብተር አመጡላት፤ «ገና ያልተጻፈበት ገጽ አለው» ሲሉም ሰጧት። ባለቤታችን ገልጣ ለረጅም ጊዜ ካነበበች በኋላ ደብተሩን ለእኛ አቀበለችን።

በመጨረሻው የተጻፈበት ገጽ ላይ፣ በ1999 ዓ.ም. መስከረም፣ በአባታችን ቀይ ቀለም «ለፒስተን የተቀመጠ 1,200 ብር» ይላል። ይህ በአንድ መስመር ተሰርዞ ከበታቹ «ለልጁ የቆቦ ቤት ኪራይና ስንቅ» ተብሎ ተጽፏል። ያ ዓመት እኛ ዘጠነኛ ክፍል የገባንበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ አውቶሞቢሏ የተጻፈ ነገር የለም። ለካ አባታችን ችላ ብለው አላቆሟትም፤ እኛ እንድንሄድ እርሷ ቆመች። እናታችንን «ይህን ሁሉ ዘመን ስለ ምን አልነገሩንም?» ብለን ብንጠይቃቸው «ልጅ ዕዳ ተሸክሞ አይማርም ብለው ከልክለውኝ ነበር» አሉን።

እንግዲህ አባታችን የልጃቸውን ትምህርት ከፒስተኑ ያስቀደሙ ሲሆኑ እኛ ፒስተኑን ከልጆቻችን ጣራ አስቀድመን ነበር። መታሰቢያቸውን የምናቆም መስሎን ሥራቸውን አፈረስን። ፒስተኖቹን ዘይት ቀብተን በጨርቅ ጠቅልለን ከአልጋ ሥር አኖርናቸው። ጣራው በጥር 2017 ዓ.ም. አለቀ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቅዳሜዎች መልካም ነበሩ። ልጃችን ሮንዴላዎቹን በየመጠናቸው እየለየች ትቈጥር ነበር፤ የዚች አውቶሞቢል ቺንጋ የሚጠብቀውና የሚላላው በመካከሉ በሚገቡት ሮንዴላዎች ብዛት ነውና። ካንዴላ፣ ቡሎን፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ስሞች ከወዴት እንደ መጡ ስትጠይቀን ከኢጣልያ ቋንቋ መሆናቸውን ነገርናት። ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን በቆየበት ጊዜ በደሴና በዋጃ በኩል ወደ ሰሜን የሚያልፈውን የመኪና መንገድ ለጦሩ ብሎ መሥራቱንም ጨምረን አስረዳናት። ጠላት ተባረረ፤ መንገዱና የመካኒኮች ቋንቋ ግን ቀርተው ለእኛ ሥራ ዋሉ። ባለቤታችን ወጪውን ከመጻፏም በላይ ጆሮዋ ረቂቅ ነበረና የቫልቮቹን መንኳኳት ከእኛ አስቀድማ ለየችው፤ እኛም ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን አስተካከልነው። የአውቶሞቢሏ ኤሌክትሪክ በ6 ቮልት የሚሠራ ስለ ነበረና እንዲህ ያለ ባትሪ ማግኘት ስለ ቸገረን ዲናሞውን፣ ቦቢናውንና አምፖሎቹን ለውጠን ወደ 12 ቮልት መለስነው። በደብተሩም ላይ ከአባታችን ቀይ ጽሕፈት በታች የባለቤታችን ሰማያዊ ጽሕፈት ተከተለ።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሞተሩ ተነሣ። በመጀመሪያው እሑድ እናታችንን ከፊት ወንበር አስቀምጠን ወደ ቆቦ ሄድን። በመንገድ የቤንዚኑ ቱቦ በዝገት ተዘግቶ አንድ ጊዜ ቆመችብን፤ ነፍተን አጸዳነውና ቀጠልን። ከከተማዪቱ ስንደርስ እናታችን በተማሪነታችን ተከራይተን በኖርንባት ቤት በር ላይ እንድናቆም አዘዙን። ቤቲቱን በመስኮቱ በኩል ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ ለልጅ ልጃቸው «የአያትሽ ፒስተን የገባው እዚህ ነው» አሏት።

አሮጌ ነገር ሁሉ መታደስ አለበት ብለን አንሰብክም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም በየመንገዱ እየበዙ ነው። የእኛይቱም ቮልስዋገን አንድ ቀን ዳግመኛ መቆሟ አይቀርም። በቆመች ጊዜ ግን የቆመችበት ምክንያት በዚያ ደብተር ላይ እንዲጻፍ ለልጃችን ነግረናታል። ያልተጻፈበት ገጽ ገና አለ።