ከኋላ ለሚመጣው የሚበራ መብራት

በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት፤ በምዕራባዊው የአሪዞና ክፍል፤ ከኮሎራዶ ወንዝ በስተ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብላ ኳርትዝሳይት የምትባል ትንሽ የበረሃ ከተማ ትገኛለች። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩባት ሰዎች ቍጥር 4000 አይሞላም። ነገር ግን የብርዱ ወራት በገባ ጊዜ የሰሜኑን በረዶ የሚሸሹ ቤተ ሰቦች፤ ይልቁንም ለጡረታ የደረሱ ባልና ሚስቶች፤ ብዙ ሆነው እየመጡ በዙሪያዋ ይሰፍራሉ። ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ያለውን ላ ፖሳ የተባለውን የመንግሥት መሬት የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፤ ከ1983 ዓመት ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ፈቃድ ላወጣ ሰው ሁሉ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ እንዲሰፍርበት ይለቅለታል። ይህን ሰፈር ስንመለከት ዓይናችንን የሳበው በየቤቱ ኋላ ታስሮ የመጣው ትንሽ አውቶሞቢል ነው።

በዚያ በረሃ አንዱን ከሌላው ኋላ አስከትሎ መጓዝ የቆየ ነገር ነው። በ1850ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ስንቅና ዕቃ በግመል ለማጓጓዝ አስቦ፤ ግመሎችንና ነጂዎችን ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ነበር። ከነጂዎቹ አንዱ ሐጂ ዓሊ ይባል ነበር፤ አሜሪካኖች ግን ስሙን ለአንደበታቸው እንደ ተመቸ ሃይ ጆሊ አሉት። በ1902 ዓመት በዚያው አገር ሞተ። በ1935 ዓመት የአሪዞና የመንገድ መሥሪያ ቤት በኳርትዝሳይት ባለው መቃብሩ ላይ የድንጋይ ፒራሚድ አቆመለት፤ በጫፉም ላይ ከመዳብ የተሠራ ግመል ይታያል። የሲራራን ጉዞ የሚያውቁ አንባቢዎቻችን እንደሚረዱት፤ ፊት ፊት የሚመራ ሰው ከኋላው ስለሚሆነው ነገር የሚያውቀው ጥቂት ነው። በዛሬዎቹ ተጓዦችም ላይ ያለው ጭንቅ ይኸው ነው።

አሜሪካኖች ሞተርሆም የሚሉት ተሽከርካሪ ቤት መኝታ፤ ማብሰያና መታጠቢያ ያለው ትልቅ መኪና ነው። የትልልቆቹ ርዝመት ከ13 ሜትር በላይ፤ ወርዳቸውም እስከ 2 ሜትር ከግማሽ ይደርሳል። እንዲህ ያለው ቤት አንድ ጊዜ ከሰፈረና ውሃና ኤሌክትሪክ ከተቀጠለለት በኋላ፤ ዳቦና መድኃኒት ለመግዛት ብሎ ማስነሣት አይመችም። ስለዚህ ባለቤቶቹ ትንሹን አውቶሞቢል በብረት ዘንግ አያይዘው፤ አራቱ ጎማዎቹ በምድር ላይ እየተንከባለሉ፤ ይጎትቱታል። ሁሉም አውቶሞቢል እንዲህ ሊጎተት አይችልምና፤ የተፈቀደ መሆኑን አስቀድሞ ከፋብሪካው መጽሐፍ መመልከት ያሻል።

መጎተቻው ብረት ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የመብራት ነገር ነው። አውቶሞቢሉ ሞተሩ ጠፍቶ፤ ነጂም ሳይኖርበት ስለሚሄድ መብራቱ በራሱ አይበራም። ከኋላ የሚመጣው ሰው ግን አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው፤ የትልቁ ቤት መብራቶች በከፊል በአውቶሞቢሉ ተሸፍነው ወደ ፊት ርቀው ይቀራሉ። ስለዚህ ተጎታቹ ቀይ የኋላ መብራት፤ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ ኖሮት፤ እነዚህም ከፊተኛው ጋራ አንድ ሆነው እንዲሠሩ ግድ ነው።

ነገሩ የቅጽበት መሆኑን በቍጥር እናሳይ። በአሪዞና የገጠር አውራ ጎዳና በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ የተፈቀደ ነው፤ በዚህ ፍጥነት አንድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 33 ሜትር ይጓዛል። ክር ያለው የድሮው አምፖል ሙሉ ብርሃኑን እስኪሰጥ ድረስ ከሴኮንድ ዐሥር እጅ ሁለቱን ያህል ይወስዳል፤ ኤል ኢ ዲ የሚባለው አዲሱ መብራት ግን ወዲያው ይበራል። በዚህች ጊዜ ውስጥ የኋለኛው መኪና ከ6 ሜትር በላይ ይራመዳል፤ ይህም ከአንድ አውቶሞቢል ርዝመት ይበልጣል።

በገበያ የሚገኙት የተጎታች መብራቶች በአራት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በማግኔት የሚለጠፍ ጥንድ መብራት ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ የአውቶሞቢሉንም ሽቦ ፈጽሞ አይነካም። ነገር ግን በተጓዙ ቍጥር መለጠፍና መንቀል አለ፤ በላዩ የሚጋደመው ሽቦም በነፋስ እየተመታ ቀለሙን ይፍቃል። ደግሞም ማግኔት የሚይዘው ብረትን ብቻ ነው፤ የዛሬ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ የኋላ ክዳናቸው ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ነውና፤ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ትንሽ ማግኔት ይዞ ቢፈትነው ይበጀዋል።

ሁለተኛው ያለ ሽቦ በሬዲዮ ኃይል የሚታዘዝ ነው። በቤቱ ሶኬት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ትእዛዙን ይልካል፤ በአውቶሞቢሉ ላይ ያለው መብራት ተቀብሎ ይበራል። ለማሰር እጅግ ይቀላል፤ ሆኖም የራሱ ባትሪ አለውና ማታ ማታ ኤሌክትሪክ ካልተሞላ በመንገድ መካከል ይደክማል።

ሦስተኛው በአውቶሞቢሉ የኋላ መብራት ቤት ውስጥ ቀዳዳ አብጅቶ ሌላ አምፖል መጨመር ነው። ይህ አምፖል የራሱ ሽቦ ስላለው ከአውቶሞቢሉ ኤሌክትሪክ ጋራ አይገናኝም፤ የሚያበላሸውም ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ለሚጓዝ ሰው ይህ ይሻላል። እንከኑ ግን አንዳንዱ መብራት ጠባብ ወይም ፈጽሞ የተዘጋ በመሆኑ ስፍራ ያጣል፤ ቀዳዳውም በደንብ ካልተደፈነ ውሃ ይገባበታል።

አራተኛው በዳዮድ የአውቶሞቢሉን የራሱን አምፖሎች ማብራት ነው። ዳዮድ ማለት ኤሌክትሪክን በአንድ ወገን የሚያሳልፍ፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል በር ነው። ከቤቱ የመጣው ኃይል አምፖሉን ያበራል እንጂ ወደ አውቶሞቢሉ ሌላ መሣሪያ አይገባም። መልኩ ንጹሕ ነው፤ ብርሃኑም ፋብሪካው እንደ ሠራው ይሆናል። ነገር ግን ሽቦ መቍረጥ አለበትና፤ መብራታቸው በኮምፒዩተር የሚታዘዝ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ላይ በደንብ የሚያውቅ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ተጎታቹ ፍሬኑን የሚረግጥለት መሣሪያ ያለው እንደ ሆነም፤ የራሱ የፍሬን መብራት በርቶ ፍሬቻውን እንዳይሸፍነው ይህን አስቀድሞ ለሠራተኛው መንገር ይገባል።

ከመግዛት አስቀድሞ የሽቦውን ሥርዐት ማወቅ ደግሞ ይጠቅማል። ወደ ተጎታቹ የሚሄዱት የተለመዱት ሽቦዎች አራት ናቸው፤ ነጩ ማሳ ነው፤ ቡናማው የኋላ መብራት ነው፤ ቢጫው የግራ፤ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻና ፍሬን ነው። በብዙ የአሜሪካ መኪናዎች ፍሬንና ፍሬቻ አንድ ቀይ አምፖል ይጋራሉ፤ በሌሎቹ ግን ፍሬቻው ብርቱካናማ ሆኖ ለብቻው ይቆማል። ቤቱ በአንደኛው፤ አውቶሞቢሉ በሌላው ሥርዐት የተሠሩ ከሆኑ፤ ሁለቱን የሚያስማማ መለወጫ በመካከል ይገባል። የግራውን ፍሬቻ ሲያበሩ የቀኙ ቢያብለጨልጭ፤ ወይም ሁሉም ቢደበዝዝ፤ አስቀድሞ የሚመረመረው ነጩ ሽቦ ነው፤ ቀለምና ዝገት በሌለበት ብረት ላይ መታሰር አለበት።

መብራቱ ምንም ዓይነት ቢሆን ከመነሣት በፊት መፈተኑ አይቀርም፤ ይህም የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በመሪው ላይ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ከአውቶሞቢሉ ኋላ ቆሞ የኋላውን መብራት፤ ግራውን፤ ቀኙንና ፍሬኑን በተራ እያየ በእጁ ይመልሳል። በሰፈሩ ጧት ጧት ባልና ሚስት እንዲህ ተጋግዘው ሲሠሩ ይታያል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በመሪው ላይ ያለው ሰው ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሊያየው የማይችለውን የሚያውቀው በጓደኛው ዓይን ብቻ ነው።

ብርሃን ሁልጊዜ ይበጃል ማለትም አይደለም። በዚያ በረሃ የአቧራ ማዕበል በተነሣ ጊዜ የአሪዞና የመንገድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ሲል ይመክራል፤ ከመንገዱ ፈጽሞ ውጣ፤ መብራትህን ሁሉ አጥፋ፤ የእጅ ፍሬን ይዘህ እግርህን ከፍሬን ላይ አንሣ። ምክንያቱም ከኋላ የሚመጣው ሰው በጭጋጉ ውስጥ ቀይ ብርሃን ያየ እንደ ሆነ መንገዱ በዚያ ያለ መስሎት እየተከተለ ይመጣና ይጋጫል። ስለዚህ የተጎታቹ መብራት ከቤቱ ጋራ አብሮ የሚበራ ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚጠፋም መሆኑን በፈተናው ጊዜ ማረጋገጥ ይገባል።

እንግዲህ ምርጫው በዋጋ ብቻ አይመዘን። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚጓዝ በማግኔት የሚለጠፈው ይበቃዋል፤ አንዱን አውቶሞቢል ሁልጊዜ ለሚጎትት ግን በውስጡ ተሠርቶ የሚቀረው ይሻለዋል፤ ማታ ደክሞ የገባ ሰው ሊረሳው አይችልምና። ሌላውን የቤት ዕቃ ሁሉ ለራሳችን ምቾት እንገዛለን። ይህ መብራት ግን ገንዘቡን የከፈለው ሰው ሲጓዝ የማያየው፤ የማያውቀው መንገደኛና በመኪናው ያሉት ልጆች የሚድኑበት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ ጥንቃቄው መንገዱ ሳይጀመር ይሁን።