ሁለት ጠጠሮች

ከባሕር ማዶ የተመለሰ ሰው ስለ ቆይታው ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ፎቁ ቁመት፣ ስለ ባቡሩ ፍጥነትና ስለ አየሩ ጠባይ ነው። እኔም የንግድ ሥራ ትምህርት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ለሥራ ልምምድ ወደ ጀርመን አገር ሄጄ በሐምቡርግ ከተማ ሁለት ወር ያህል ተቀምጬ ስመለስ፣ ለዘመዶቼ ያወራሁላቸው ይህንኑ ነበር። ለእናንተ ግን፣ ወጣት አንባቢዎቼ፣ ያን ጊዜ ያልተናገርሁትን ልንገራችሁ።

ሐምቡርግ በኤልበ ወንዝ ዳር የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። እኔ በደረስሁበት ሰሞን የዓለም ዋንጫ የእግር ኳስ ውድድር በዚያው አገር ተፈጽሞ፣ ሰንደቅ ዓላማው ከየመስኮቱ ገና አልወረደም ነበር። በወደቡ አጠገብ ከቀይ ጡብ የተሠሩ፣ በመካከላቸው የውሃ ቦይ የሚያልፍባቸው ረዣዥም የዕቃ ግምጃ ቤቶች ተሰልፈው ይታያሉ። የመጀመሪያዎቹ የተመረቁት እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሆን፣ የቆሙትም ረግረግ ውስጥ በተተከሉ የዛፍ ግንዶች ላይ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቡና፣ ሻይ፣ ቅመማ ቅመምና ምንጣፍ ሲከማችባቸው ኖሯል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የተመደብሁበት የቡና አስመጪ ድርጅት ጽሕፈት ቤት ከእነዚሁ ቤቶች በአንደኛው ውስጥ ነበር። ደረጃውን ስወጣ ያልተቆላ ቡና ሽታ ተቀበለኝ። በጎማ ወረዳ፣ ከአጋሮ ከተማ እምብዛም በማይርቅ መንደር ላደግሁት ለእኔ ያ ሽታ የእናቴ ጓዳ ሽታ ነበር።

በትምህርት ቤት የለመድሁት የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ገቢ በአንድ ወገን፣ ወጪ በሌላ ወገን። እዚያ ግን ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከናሙና ነበር። አንድ ኮንቴይነር እያንዳንዱ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን 320 ጆንያ ቡና ይይዛል፤ ይህም 19,200 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ፍሬ አንድ በአንድ መመልከት ስለማይቻል፣ ጫፉ የሾለ ውስጡም ክፍት የሆነ ብረት በየጆንያው እየተሰካ ጥቂት ጥቂት ፍሬ ይወጣል። ያም ተደባልቆ፣ 300 ግራም ተመዝኖ በጥቁር ዝርግ ሳሕን ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ጥቁሩ፣ የተሰበረው፣ ነቀዝ የበላውና የሻገተው ፍሬ እየተለቀመ ይቆጠራል። ቀጥሎ ቡናው ለስለስ ተደርጎ ይቆላል፤ ይፈጫል፤ ትኩስ ውሃም ይፈስስበታል። ቀማሹ አራት ደቂቃ ያህል ጠብቆ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ ገለጥ አድርጎ ያሸትታል፤ ኋላም በታላቅ ድምፅ ስቦ ይቀምስና ይተፋዋል። ቡና እንዲህ ሲጠጣ እናቴ ብታይ ኖሮ ሰውየውን ከቤት ታስወጣው ነበር።

ቀማሹ ዕድሜያቸውን በዚሁ ሥራ የፈጁ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ናሙና አቀረቡልኝና፣ “ይህ የአገርህ ነው፤ አንተው ቁጠረው” አሉኝ። በወረቀቱ ላይ “ጅማ” የሚለውን ቃል ሳነብ ደስታዬ ወሰን አጣ። ያልታጠበ፣ በጀንፈሉ የደረቀ ቡና ነበር። ደስታዬ ግን አልቆየም። ጥቁሩ ፍሬ በዛብኝ፤ ነቀዝ የበላውም አልጠፋ። በመጨረሻም ከፍሬዎቹ መካከል የሽምብራ ያህል የሆኑ ሁለት ጠጠሮች ብቅ አሉ። ቀና ብዬ ብመለከት ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቡና ይቆላሉ። ጠጠሮቹን አንስቼ ኪሴ ውስጥ ከተትሁ።

በዚያች ቅጽበት ምክንያቴን ብጠየቅ፣ “አገሬን ከነቀፋ ለማዳን ነው” ብዬ በኩራት እመልስ ነበር። እናንተስ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ለመልሱ አትቸኩሉ።

በቅጹ ላይ፣ “ጥቂት ጉድለት አለው፤ ባዕድ ነገር አልተገኘበትም” ብዬ ጻፍሁ። ሽማግሌው አነበቡትና አንዳች ሳይናገሩ ደኅናውንም ብልሹውንም ፍሬ ሰብስበው ሚዛን ላይ አደረጉት። ሚዛኑ 298 ግራም አለ። “ሁለቱ ግራም የት ሄደ?” አሉኝ። ፊቴ እንደ እሳት ጋለ። ጠጠሮቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ጠጠር ወፍጮ ውስጥ ከገባ ጥርሱን እንደሚሰብር፣ ወፍጮው የተሰበረበት ቡና ቆዪም ካሳ ከመጠየቅ አልፎ ከዚያ አገር መግዛቱን እርግፍ አድርጎ ሊተው እንደሚችል አስረዱኝ። “እኔ ያላየሁትን ድንጋይ ደንበኛዬ ያየዋል፤ ያን ጊዜ በጆንያው ላይ የተጻፈውን ስም ይጠላል” አሉኝ። ከዚያም ቅጹን ቀድደው አዲስ ሰጡኝ፤ “ጥቂት” የሚለውንም ቃል ከለከሉኝ። ጥቂት ስንት ነው? አሥር ነው ወይስ መቶ? ጥቁር ፍሬውንም፣ ነቀዝ የበላውንም በቁጥር ጻፍሁ፤ ከግርጌውም “ድንጋይ፦ 2” አልሁ።

ለላኪው ወደ አዲስ አበባ የተጻፈውን ደብዳቤ ያረቀቅሁትም እኔው ነበርሁ። በመንደሬ ቡና ላይ አቤቱታ ስጽፍ እጄ እንደ ከበደኝ አልሸሽጋችሁም። ሆኖም ጭነቱ ተመላሽ አልሆነም፤ በማበጠሪያ መሣሪያ አልፎ፣ የማበጠሪያው ወጪ ከዋጋው ተቀንሶ ተሸጠ። ጠጠሮቹን ሽማግሌው ለእኔው መለሱልኝ።

ለዘመን መለወጫ ወደ መንደሬ ስወርድ ለእናቴ አሳየኋት። በመዳፏ ላይ አገላብጣ ተመለከተቻቸውና፣ “የእኛን ደጅ ጠጠር ይመስላል” ብላ ሳቀች። እኔም ቡና መሬት ላይ ሲሰጣ አፈርና ጠጠር እንደሚቀላቀልበት፣ ከመሬቱ እርጥበትም እንደሚሻግት፣ ስለዚህ ከፍ ባለ አልጋ ላይ መድረቅ እንዳለበት እንደ መምህር ቆሜ አስረዳኋት። ሲኒዎቿን እያጠበች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

“ልጄ፣ ነገሩስ ደግ ነው” አለች። “ግን ሰብሳቢው ከአልጋም የመጣውን ከመሬትም የመጣውን በአንድ ጆንያ ይከትተዋል፤ ዋጋውም አንድ ነው። የአልጋውን እንጨትና ሽቦ ማን ይገዛልኛል? ያ ሽማግሌ ሰውዬህ ይህን ያውቃል?”

ሽማግሌው ይህን ይወቁ አይወቁ አልጠየቅኋቸውም ነበርና የምመልሰው አጣሁ። በነጋታው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን ለአንድ አልጋ የሚበቃ እንጨት ቆረጥን። ኅዳር ላይ ቡናው ሲለቀም አልጋው የያዘው ግማሹን ብቻ ነበር፤ የቀረው እንደ ልማዱ መሬት ላይ ደረቀ።