የእንጦጦ ዳገት በፎቶግራፍ

ከስድስት ኪሎ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቆች መካከል አልፎ የእንጦጦን ዳገት ይጀምራል። በዚህ መንገድ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይተላለፋሉ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማርያም የሚወጡ ምዕመናንና የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች። ሰሞኑን ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ በአንዲት አነስተኛ አዳራሽ የተከፈተው የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ የሚያሳየው እነዚህን ሰዎች ነው። አንሺው እዚያው ሽሮ ሜዳ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው።

የሄድኩት ከእናቴና ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴ እኔንና ወንድሞቼን ያሳደገችን በዚሁ ዳገት እንጨት እያወረደች፣ ለእንጀራ መጋገሪያ እየሸጠች ነው። በቤታችን አልበም ውስጥ ግን እሷ ያለችባቸው ፎቶዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የሠርጓ፣ ሌላው ለመታወቂያ የተነሣችው። ከሸክሙ ዘመን አንድም የለም።

እናቴ አንድ ፎቶ ፊት ብዙ ቆመች። ሸክም ያጎበጣት ሴት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ ትሳለማለች።

«እማማ፣ ለምን እንጨቱን አውርዳ አትሳለምም?» አለች ልጄ።

«ብታወርደው ማን ያሸክማታል? ብቻዋን እኮ ናት። እኛም የሚያስደግፍ አፋፍ ካላገኘን አናርፍም ነበር። ‹እመቤቴ፣ በሰላም አውርጂኝ› ብለን እናልፋለን።»

ይህን ከእናቴ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወጣቱ ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት ለሳምንታት ከሴቶቹ ጋር እየወጣና እየወረደ እንደተዋወቃቸው ነገረን። ፊቷ እንዲታይ ያልፈለገችውን ከኋላዋ አንሥቷታል። በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ደግሞ ሕሙማኑን አላነሣም፤ በተርታ የቆሙ ቢጫ ጄሪካኖችን ብቻ። እያንዳንዱን ጄሪካን ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው አለ። እኔ ተስፋን ያየሁት በዚያ ምስል ላይ ነው።

በወሩ 21 ቀን፣ በማርያም ዕለት፣ ሦስታችንም ወደ እንጦጦ ወጣን። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው የጠዋቱ ብርድ ይቆነጥጣል፤ ለልጆች ሹራብ፣ ለአያቶች ጋቢ መያዝ ይገባል። እንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። በሙዚየሙ የእሳቸውና የእቴጌ ጣይቱ ንብረቶች ይታያሉ። ተራራውን ያለበሰው ባሕር ዛፍም በእሳቸው ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ የከተማዋን የማገዶ ችግር ያቃለለ ዛፍ ነው። ያንን ማገዶ በጀርባቸው ያወረዱት እናቶች ግን ስማቸው የተጻፈበት መዝገብ የለም።

ስንወርድ እናቴ ከመንገዱ ዳር በወገብ ልክ የሆነ አፋፍ አሳየችን። «እዚህ ነበር የምናርፈው» ብላ ጀርባዋን አስደገፈች። ልጄ ስልኬን ተቀብላ አያቷን አነሣቻት።

ፎቶውን አሳጥበን ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ አስገባነው። ከጀርባው ቦታውንና ቀኑን፣ እናቴ እየነገረችኝም አብረዋት ይሸከሙ የነበሩትን ሴቶች ስም ጻፍኩ። አራት ናቸው፤ ሁለቱ በሕይወት የሉም።

አልበም ያላችሁ ወላጆች፣ አንድ እሑድ ከአያቶች ጋር ተቀምጣችሁ ግለጡት። በየፎቶው ያለው ማን እንደሆነ ጠይቁና ከጀርባው ጻፉ። ከዚያ ፎቶ ያልተነሡበትን ሥራ ጠይቋቸው፤ ጉልበታቸው ከፈቀደም የሠሩበትን ቦታ ለልጅ ልጆቻቸው ያሳዩ።